የሙከራ ሽጉጦች፦ ብርቅነታቸው በምን ይታወቃል? ታሪካቸውስ እንዴት ይጣራል?

በ2010 ካሊፎርኒያ ውስጥ አንድ ሽጉጥ ለጨረታ ቀረበ። ገዢው የአጫራቹን ኮሚሽን ጨምሮ 494,500 ዶላር ከፈለበት። ሽጉጡ ወርቅ አልተለበጠም፤ የንጉሥ ስም አልተቀረጸበትም፤ ስመ ጥር ጀግና ታጥቆታልም አልተባለም። የጀርመኑ ሉገር ነው፤ እሱን የሚመስሉ፣ ከዚያው ፋብሪካ የወጡ ሽጉጦች በጥቂት ሺህ ዶላር ይገዛሉ። ይህኛው ግን ለአሜሪካ ጦር የ1907 ፈተና በካሊበር 45 (የበርሜሉ ውስጣዊ ስፋት 0.45 ኢንች ገደማ) ከተሠሩት በጣት የሚቆጠሩ ሉገሮች አንዱ ነው። መለያ ቁጥሩ 2 ነው። ቁጥር 1 በፈተናው ላይ እንዳለቀ ይታመናል።

እንዲህ ያለ ዜና በተሰማ ቁጥር ሁለት ስሕተቶች ተከትለውት ይመጣሉ። አንዱ ያረጀ ሁሉ ብርቅ ነው ብሎ ማሰብ ነው። ሌላው፣ እሱም የሚብሰው፣ ከሽጉጡ ጋር የሚነገረውን ታሪክ እንደ ማስረጃ መቁጠር ነው። የሙከራ ሽጉጥ ዋጋ የሚያወጣው ብረቱ ላይ ያለው ምልክትና መዝገብ ላይ ያለው ጽሑፍ ሳይነጋገሩ አንድ ቃል ሲሰጡ ነው። ከዚህ በታች የምናየው ይህ እንዴት እንደሚጣራና የት ላይ እንደሚከሽፍ ነው። ዓመታቱ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

«የሙከራ ሽጉጥ» የሚባለው የትኛው ነው?

ስሙ ሦስት የተለያዩ ነገሮችን ያቅፋል፤ ሻጮችም አንዳንዴ ሆን ብለው ያደባልቋቸዋል።

ናሙና የሚባለው ፈልሳፊው ሐሳቡ ይሠራ እንደሆነ ለማየት የሚያሠራው ነው። አንድ ወይም ሁለት ቢሠራ ነው። ክፍሎቹ በሞረድ በእጅ የተስተካከሉ ናቸው፤ ብዙ ጊዜ የፋብሪካ ስም አይኖረውም፤ ቁጥርም ላይኖረው ይችላል፤ ብረቱም ቀለም (ከዝገት የሚከላከለው ጥቁር ሰማያዊ ሽፋን) ሳይገባ ሊቀር ይችላል። የፈተና ሽጉጥ ቀጥሎ ይመጣል። አንድ ጦር «አምጡና እንየው» ሲል ከጥቂቶች እስከ ጥቂት መቶ ተሠርቶ ለፈታኝ ኮሚቴ ወይም ለክፍለ ጦር የሚላክ ነው። ኮልት በ1907 ሞዴሉ የሠራው ከ200 ትንሽ ቢበልጥ ነው፤ የ1909ኙ ሃያ ገደማ ብቻ ነው፤ የ1910ሩ ደግሞ አሥር አይሞላም። ሦስተኛው ወደ ገበያ ወጥቶ ያልገፋ ምርት ነው። የሁጎ ቦርቻርት የ1893 ሽጉጥ ሦስት ሺህ ገደማ ተሠርቷል፤ የእንግሊዙ ማርስ ሰማንያ ገደማ። እነዚህን በጥብቅ ትርጉም የሙከራ ማለት ያስቸግራል፤ ሰብሳቢዎች ግን አብረው ያስቀምጧቸዋል።

ከሦስቱ ውጭ የሆነም አለ። አንድ ጠመንጃ ጠጋኝ መደበኛ ሽጉጥ ወስዶ በርሜሉን ቀይሮ፣ መያዣውን አስረዝሞ፣ ካሊበሩን ለውጦ ለደንበኛው ይሠራል። ሠሪውም ደንበኛውም ካለፉ በኋላ ያ ሥራ በሻጭ አፍ «የፋብሪካ ናሙና» ሆኖ ብቅ ይላል። እውነተኛውን ናሙና ከዚህ የሚለየው አንድ ጥያቄ አለ፦ ይህ ለውጥ በፈጠራ መብት ሰነድ፣ በፈተና ዘገባ ወይም በፋብሪካ ሥዕል ላይ ይታያል ወይ? ካልታየ «የማይታወቅ ዓይነት» ማለት «ማንም ያልጠየቀው ለውጥ» ማለት ሊሆን ይችላል።

ትንሽ ቁጥርም ብቻውን ምንም አይደለም። ብዙ ፋብሪካዎች ለየሞዴሉ ቁጥር ከ1 ይጀምራሉ። ለጀርመን ጦር የተሠሩት ሉገሮች ጭራሽ በየዓመቱ ከ1 እንደገና ይጀምሩ ነበር፤ አሥር ሺህ ሲሞላም ፊደል እየተጨመረ ቆጠራው ይመለሳል። ስለዚህ ቁጥር 2 የሆነ የጦር ሉገር ብዙ ነው። የካሊፎርኒያው ሽጉጥ የከበረው ቁጥር 2 ስለሆነ ሳይሆን የዚያ ቁጥር መስመር እጅግ አጭር ስለሆነ ነው።

እነዚህ ሽጉጦች ለምን በአንድ ዘመን ተከማቹ?

ምክንያቱ ባሩድ ነው። በ1884 ፈረንሳዊው ፖል ቪየይ ጭስ አልባ ባሩድ እስኪሠራ ድረስ ጥይት ሲተኮስ የሚተወው ጥላሸት ስስ የሆነን አሠራር ቶሎ ያደፍን ነበር። አዲሱ ባሩድ ንጹሕና ኃይለኛ ነበር፤ ጥይቱ ሲወጣ ወደ ኋላ የሚገፋው ጉልበት ራሱ ቀለሁን አስወጥቶ ቀጣዩን እንዲያጎርስ ማድረግ በትንሽ የእጅ መሣሪያ ላይም ተቻለ። ከ1890ዎቹ መጀመሪያ አንስቶ ወደ ሃያ ዓመት ገደማ ማንም ትክክለኛውን መልክ አያውቅም ነበር፤ ስለዚህ ሁሉም ሞከረ። በርሊን ውስጥ በሉድቪግ ሎቬ ፋብሪካ የተሠራው ቦርቻርት እንደ ጉልበት የሚታጠፍ መቆለፊያ ነበረው፤ ጌዮርግ ሉገር ያንን አሳንሶና አስተካክሎ ስዊዘርላንድ በ1900 ለጦሯ የተቀበለችውን ሽጉጥ አወጣ። እንግሊዛዊው ሂዩ ጋቤት ፌርፋክስ ደግሞ ኃይልን አስቀደመ። ማርስ ከዘመኑ ሽጉጦች ሁሉ ኃይለኛ ነበር፤ ግን ተኳሹን ክፉኛ ይመታል፣ ባዶ ቀለሁንም ወደ ፊቱ ይወረውራል። የእንግሊዝ ጦርና ባሕር ኃይል ከ1901 እስከ 1903 ፈትነው ተዉት፤ ፈልሳፊውም በ1902 ከሰረ። ዛሬ ማርስ ያለው ሰው ያንን ኪሳራ በውድ ዋጋ የገዛ ሰው ነው።

ለሰብሳቢ ከሁሉ የበለጸገው ምዕራፍ የአሜሪካኑ ነው፤ ምክንያቱም በደንብ ተጽፏል። አሜሪካ ፊሊፒንስ ላይ ስትዋጋ ወታደሮቿ ባለ 38 ሪቮልቨር (ጥይቱን በሚሽከረከር ከበሮ የሚይዝ ሽጉጥ) ጠላትን አያቆምም ብለው አማረሩ። በ1904 መኮንኖቹ ጆን ቶምፕሰንና ሉዊስ ላጋርድ በቺካጎ የከብት ማረጃ በከብቶች ላይ፣ በሬሳም ላይ ጭምር ሙከራ አካሂደው የጦር ሽጉጥ ካሊበር ከ45 እንዳያንስ አሳሰቡ። በጥር 1907 ማሳቹሴትስ በሚገኘው የስፕሪንግፊልድ የጦር መሣሪያ ግምጃ ቤት ፈታኝ ኮሚቴ ተቀመጠ። ኮልት፣ ሳቬጅ፣ ሉገር፣ በርግማን፣ ኖብል፣ ዋይት ሜሪል፣ ዌብሊ ፎስቤሪና ሌሎች ሪቮልቨሮች ቀረቡ። የጥይቱ ፍጥነት ተለካ፤ እንጨት ውስጥ ስንት እንደሚገባ ታየ፤ ሽጉጦቹ ብዙ ተተኮሱ፤ አቧራ ተነፋባቸው፤ ዝገት እንዲይዛቸውም በአሞኒየም ክሎራይድ ውሃ ተነክረው እንዲቆዩ ተደረገ።

ይህ የመጨረሻው ዝርዝር ጠቃሚ ነው። አንድ ሻጭ «ይህ ሽጉጥ ራሱ በኮሚቴው ፊት ተፈትኗል» ብሎ እንደ መስታወት የሚያብረቀርቅ ብረት ቢያሳይ ዝገቱ የት ገባ ተብሎ ይጠየቃል። ለፈተና የተሠራና በፈተና ያለፈ አንድ አይደሉም፤ ተጠባባቂ ሆኖ የመጣ ሽጉጥ ንጹሕ ሊሆን ይችላል፤ የተተኮሰው ግን ጠባሳውን ይዞ መገኘት አለበት።

ኮሚቴው ከኮልትና ከሳቬጅ ሁለት ሁለት መቶ ተሠርተው ክፍለ ጦር ዘንድ እንዲሞከሩ ጠየቀ። ሉገርን የሚሠራው የጀርመን ፋብሪካ በዚህ አልገፋበትም። በመጋቢት 1911 በተደረገው የመጨረሻ ፉክክር ኮልቱ ስድስት ሺህ ጥይት ሳይሰናከል ተኮሰ ተብሎ ተመዘገበ፤ በ29ኛው ቀንም ተመረጠ። እኛ አገር «ኮልት» ስንል የምናስበው ሽጉጥ የመጣው ከዚህ ነው።

ተሸናፊዎቹስ የት ደረሱ? የሙከራ ሽጉጥ ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ የሚወሳሰበው እዚህ ላይ ነው። መንግሥት የማይፈልገውን ሸጠ። ሳቬጅ ኩባንያ ራሱ የፈተና ሽጉጦቹን መልሶ ገዝቶ፣ አድሶና ቀለም ቀብቶ ለሲቪል ገበያ አወጣቸው። ስለዚህ ባለ 45 ሳቬጅ ላይ ሁለተኛ ቀለም መታየቱ እንደ ሌላ ሽጉጥ ጉድለት አይደለም፤ ፋብሪካው የቀባው ከሆነ የታሪኩ ክፍል ነው። ከዚያ በኋላ ሌላ ሰው የቀባው ከሆነ ግን ጉድለት ነው። ሁለቱን ለመለየት ሌሎች የታወቁ ሳቬጆችን ጎን ለጎን ማየት ግድ ይላል፤ በፎቶ ብቻ የሚያረጋግጥ ሰው ካለ ገንዘብዎን ይያዙ።

የዝውውር ታሪክ ምን ማለት ነው?

አንድ ዕቃ ከሠሪው እጅ ወጥቶ ዛሬ ካለበት እስኪደርስ በማን በማን እጅ እንዳለፈ የሚያሳይ ሰንሰለት ነው። መኪና የገዛ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። ሊብሬው ላይ ያለው የሻንሲ ቁጥር መኪናው ላይ ካለው ጋር መግጠም አለበት፤ መግጠሙ ግን ሞተሩ አለመቀየሩን አይነግርም፤ ሊብሬው ራሱ ሐሰተኛ አለመሆኑንም አይነግርም። ሽጉጥም እንዲሁ ነው። ከፋብሪካ መዝገብ የሚወጣ ደብዳቤ «ይህ ቁጥር ያለው ሽጉጥ በዚህ ቀን ለእገሌ ተላከ» ይላል እንጂ «በእጅህ ያለው እሱ ነው» አይልም።

ሁሉም ሽጉጥ እኩል ዝምተኛ አይደለም። ንግሥት ቪክቶሪያ በቆንስል ካሜሮን እጅ በ1862 ለዐፄ ቴዎድሮስ የላከቻቸው ጥንድ ሽጉጦች ከማን፣ ለማን፣ ለምን እንደተሰጡ በላያቸው ላይ ተጽፎባቸዋል፤ ለቆንስል ፕላውደን ለተደረገለት ደግነት ምስጋና ናቸው። የስጦታ መሣሪያ ስሙን ይዞ ይዞራል። የሙከራ ሽጉጥ ግን ለሕዝብ እንዲታይ አልተሠራም፤ አንዳንዴ አንድም ፊደል የለበትም። ስለዚህ ሰንሰለቱ ከውጭ መሠራት አለበት።

ከብረቱ ላይ ምን ይነበባል?

ከሁሉ በፊት ሽጉጡ ባዶ መሆኑ ይረጋገጥ፦ ካዝናው ይውጣ፣ ከዚያ ጥይት ማደሪያው በዓይንም በጣትም ይታይ። ለመቶ ዓመት ማንም ያልነካው ሽጉጥ ጎርሶ የተገኘበት ጊዜ አለ። ቀጥሎ አይጸዳም። ዝገት መስሎ የሚታየው ቡናማ ሽፋን ዕድሜውን የሚመሰክር ሊሆን ይችላል፤ በጨርቅና በዱቄት የተወለወለ ብረት ግን አይመለስም።

ፎቶ ሲነሳ ብርሃኑ ከጎን ዝቅ ብሎ ይምጣ፤ ፊት ለፊት የሚመጣ ብርሃን ጥልቀት የሌለውን ምልክት ያጠፋል። ቁጥር ያለበት እያንዳንዱ ክፍል ለየብቻ ይነሳ። በሉገር ትንንሽ ክፍሎች ላይ የመለያ ቁጥሩ የመጨረሻ አሃዞች ይመታሉ፤ አንዱ ካልገጠመ ያ ክፍል ከሌላ ሽጉጥ የመጣ ነው። ብሎን የሚፈታው ጫፉ ከብሎኑ ስንጥቅ ጋር ልክ በሚገጥም መፍቻ ብቻ ነው፤ የተላጠ ብሎን «ማን ፈታኝ?» የሚል ጥያቄ ያመጣል፤ ዋጋም ይቀንሳል።

ከዚያ ምልክቶቹ ይነበባሉ። እያንዳንዱ ምልክት ቀን አለው፤ ቀኑ ደግሞ ታሪኩን ያጸናል ወይም ያፈርሳል። በጀርመን የፍተሻ ሕግ (መሣሪያ ከመሸጡ በፊት በኃይለኛ ጥይት ተፈትኖ ምልክት እንዲመታበት በሚያዘው ሕግ) መሠረት ከ1890ዎቹ ጀምሮ ዘውድ ያለባቸው ቢ፣ ዩና ጂ ፊደላት ይመቱ ነበር፤ ዘውድ ከኤን ጋር የመጣው ከ1911 ወይም 1912 በኋላ ነው። የ1902 ናሙና ነው የተባለ ሽጉጥ ዘውድና ኤን ካለበት ቢያንስ ከአሥር ዓመት ገደማ በኋላ እንደገና የፍተሻ ቤት ገብቷል፤ ለምን? አሜሪካ ከ1891 ጀምሮ ወደ አገሯ የሚገባ ዕቃ የተሠራበት አገር ስም እንዲጻፍበት ታዝዛለች፤ «ጀርመን» የሚል ጽሑፍ ያለበት ሽጉጥ ለሽያጭ የተላከ መሆኑን ይናገራል፤ ከፋብሪካው ቤተ ሙከራ አልወጣም ከሚል ታሪክ ጋር አይስማማም። ከ1968ቱ የመሣሪያ ሕግ በኋላ አስመጪዎች ስማቸውንና ከተማቸውን መቅረጽ ግድ ሆነባቸው። «አያቴ በ1945 ከጦርነት ይዞት መጣ» የተባለ ሽጉጥ በርሜሉ ሥር የአስመጪ ስም በትንሹ ካለበት ታሪኩ እዚያው ያልቃል።

የፈጠራ መብት ቀንም እንዲሁ ነው። የጆን ብራውኒንግ መሠረታዊ የሽጉጥ መብቶች የተሰጡት ኤፕሪል 20 ቀን 1897 ነው፤ ቀኑ ኮልቶች ላይ ተጽፏል። ሽጉጥ ላይ ከተጻፈው ቀን በፊት ያ ጽሑፍ ሊመታ አይችልም። የተቆጣጣሪ ፊደላትም አሉ፦ የ1907ቱ ኮልት ላይ ኬ ኤም የሚል የመንግሥት ተቆጣጣሪ ምልክት ይገኛል። ጌዮርግ ሉገር በግሉ የሚቆጣጠራቸው ናሙናዎች ላይ ከኋላ መጋጠሚያው ላይ ጂ ኤል የሚል የስሙ ምልክት ይታያል። ደስ የሚል ምልክት ነው፤ ግን ሁለት ፊደል መምታት ለአስመሳይም ቀላል ነው።

ካሊበሩ ሲያጠራጥርስ? በሙከራ ሽጉጥ ላይ ይህ የተለመደ ነው፤ ጥይቱ ራሱ የሙከራ ነበርና። መፍትሔው የጥይት ማደሪያውን ቅርጽ መቅረጽ ነው። ሴሮሴፍ የሚባል ከ71 እስከ 88 ዲግሪ ሴልሺየስ የሚቀልጥ የብረት ድብልቅ አለ። ማደሪያው ይጸዳል፣ በስሱ ዘይት ይቀባል፣ በርሜሉ ውስጥ ትንሽ ገባ ብሎ በጨርቅ ይደፈናል፣ ከዚያ የቀለጠው ይፈስበታል። ከተወጣ በኋላ መለኪያው የሚያዘው ከፈሰሰ አንድ ሰዓት ሲሞላው ነው። ድብልቁ መጀመሪያ ይኮማተራል፤ በአንድ ሰዓት ገደማ ወደ ማደሪያው ትክክለኛ ልክ ይመለሳል፤ ከዚያ በኋላ መስፋቱን ይቀጥላል። በማግስቱ የለካ ሰው የሌለ ጥይት ያገኛል።

ከወረቀትስ ምን ይገኛል?

የኮልት ኩባንያ ቤተ መዛግብት በመለያ ቁጥር ጠይቀውት በክፍያ ደብዳቤ ይሰጣል፦ የተላከበት ቀን፣ የተቀባዩ ስም፣ ካሊበር፣ የበርሜል ርዝመት፣ የቀለም ዓይነት፣ አብረው የተላኩት ስንት እንደነበሩ። ለስሚዝ ኤንድ ዌሰን የኩባንያው የታሪክ ፋውንዴሽን ተመሳሳይ አገልግሎት አለው። እነዚህ ደብዳቤዎች የሚያስደስቱትን ያህል ጎዶሎ ናቸው። በየካቲት 1864 የኮልት ፋብሪካ ሲቃጠል ብዙ መዝገብ አብሮ ጠፍቷል፤ የጀርመን ፋብሪካዎች መዝገብ አብዛኛው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወድሟል። ናሙና ደግሞ ብዙ ጊዜ በሽያጭ መዝገብ አይገባም፤ አልተሸጠማ።

የፈተና ሽጉጥ ከሆነ የፋብሪካውን ሳይሆን የመንግሥትን መዝገብ መፈለግ ይሻላል። የአሜሪካ ጦር የመሣሪያ ጽሕፈት ቤት ሰነዶች ዋሽንግተን በሚገኘው ብሔራዊ ቤተ መዛግብት በመዝገብ ቡድን 156 ሥር ናቸው፤ የኮሚቴዎች ዘገባ፣ ደብዳቤ፣ የርክክብ ዝርዝር እዚያ አለ። ለእንግሊዝ ሽጉጦች ሊድስ ያለው የሮያል አርመሪስ ስብስብ አለ። የስፕሪንግፊልድ ግምጃ ቤት በ1968 ተዘግቶ ዛሬ ሙዚየም ነው፤ ኮልት በ1957 ለኮኔቲከት ግዛት ቤተ መጻሕፍት የሰጠው የፋብሪካው የራሱ ስብስብ ሃርትፎርድ ነው፤ የብራውኒንግ ሙዚየም በዩታ ኦግደን ነው። ሙዚየም የሚጠቅመው ለማድነቅ ብቻ አይደለም። ጥርጣሬ የሌለበት አንድ ሽጉጥ ላይ የፊደሉን ቅርጽ፣ የአመታቱን ጥልቀት፣ የብሎኑን ዓይነት አይቶ ከራስ ጋር ማመሳከሪያ የሚገኘው እዚያ ብቻ ነው።

አንድ ወጥመድ እዚህ አለ። የዛሬው የጨረታ ካታሎግ የቀድሞውን ካታሎግ ይጠቅሳል፤ የቀድሞው ከእሱ በፊት የነበረውን፤ ሄዶ ሄዶ መነሻው አንድ ሻጭ በቃል የተናገረው ነው። አራት ካታሎግ አንድ ምስክር ነው። የቤተሰብ ቃለ መሐላም የሚመዘነው መለያ ቁጥሩንና ቀኑን ከያዘ ነው፤ «የአባቴ ሽጉጥ የፈተና ሽጉጥ ነበር» የሚል ወረቀት ለማንኛውም ሽጉጥ ይስማማል። በአንጻሩ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተመለሰ ወታደር የተማረከ መሣሪያ እንዲይዝ በመኮንን የተፈረመ ፈቃድ ቁጥሩ ተጽፎበት ካለ ጠንካራ ቀለበት ነው።

አስመሳዮች የት ላይ ይያዛሉ?

በ1901 የአሜሪካ ጦር አንድ ሺህ ሉገሮችን ለሙከራ ገዛ። በኋላ አብዛኞቹ እንደ ትርፍ ዕቃ ተሸጡ። ጥይት ማደሪያው ላይ የአሜሪካ ንስር አለባቸው፤ ችግሩ ለሲቪል ገበያ የተላኩትም ያው ንስር አላቸው። ስለዚህ ንስሩ ምንም አያረጋግጥም፤ የሚለየው የቁጥሩ ክልል ነው፤ ከ6100 እስከ 7100 ገደማ። ይህን ክልል ሁሉም ያውቀዋል፤ አስመሳዩም ያውቀዋል።

ከእነሱ ሃምሳዎቹ በ1904 ገደማ በሌሎች ሃምሳ ተለወጡ። አዲሶቹ 9 ሚሊሜትር ሲሆኑ የፓውል የተባለ የጥይት መቁጠሪያ ነበራቸው፦ በግራው የእንጨት መያዣ ላይ ረጅም ስንጥቅ፣ ቁጥር የተጻፈበት ንጣፍ፣ ከካዝናው የሚወጣና ስንት ጥይት እንደቀረ የሚያሳይ ጠቋሚ። ቁጥራቸው ከ22401 እስከ 22450 ነው። ለአስመሳይ ከዚህ የተሻለ የለም፤ ብረቱን ሳይነካ እንጨት ሰንጥቆና ካዝና ቀይሮ ዋጋውን ብዙ እጥፍ ያደርጋል። ስለዚህ መጀመሪያ የሚታየው እንጨቱ ሳይሆን ሽጉጡ ላይ ያለው ቁጥር ነው፤ ቁጥሩ ከገጠመም ቁጥሩ ተቀይሮ እንደሆነ ይታያል።

ቁጥር ሲቀየር አሮጌው መጀመሪያ ይሞረዳል። ስለዚህ በቁጥሩ ዙሪያ ብረቱ ትንሽ ጎድጎድ ይላል፤ ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያ ተጋድሞበት ከኋላ ብርሃን ሲበራ ክፍተቱ ይታያል። የአሃዞቹ ቅርጽ ከፋብሪካው ይለያል፤ በተለይ 2፣ 3፣ 4 እና 7 ላይ። የፋብሪካው ቁጥር ቀለም ከመቀባቱ በፊት ከተመታ በአሃዙ ውስጥ ያለው ቀለም ከዙሪያው ጋር አንድ ነው፤ በኋላ የተመታው ሥሩ ነጭ ይሆናል ወይም ሌላ ቀለም ይይዛል። ሲመታ ከአሃዙ ሥር ያለው ብረት ስለሚታመቅ አሮጌው ቁጥር በአሲድ ሊነበብ ይችላል፤ ይህ ግን የፖሊስ ቤተ ሙከራ ሥራ ነው፤ አንድ ጊዜ የተበላ ብረት ለሁልጊዜ ተበልቷል።

የኋላ ቀለም ደግሞ ከጠርዞች ይታወቃል። ብረት ሳይለሰልስ አይቀባም፤ ሲለሰልስ ደግሞ ሹል የነበረው ጠርዝ ይደነዝዛል፣ የብሎን ቀዳዳ አፍ ይሰፋል፣ የፊደላት ጠርዝ ይዋጣል። ዝገት የበላው ጉድጓድ ውስጥ ቀለም ካለ ቀለሙ ከዝገቱ በኋላ መጥቷል።

ወረቀቱም ይመረመራል። ወረቀትን ለማንጣት የሚገባው ብርሃን መላሽ ኬሚካል የተለመደው ከ1950 ገደማ በኋላ ነው፤ የ1907 ነው የተባለ ደብዳቤ በአልትራቫዮሌት መብራት ሥር ሰማያዊ ነጭ ሆኖ ቦግ ካለ የ1907 አይደለም። በእስክሪብቶ የተጻፈ የ1910 ማስታወሻም እንዲሁ፤ ኳስ ጫፍ እስክሪብቶ ገበያ ላይ የዋለው ከ1940ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ነው።

ሰንሰለቱ ቢበጠስስ?

ሰንሰለቱ ብዙ ጊዜ ይበጠሳል። ከ1911 እስከ 1950ዎቹ የት እንደነበረ የማይታወቅ ሽጉጥ የተለመደ ነው፤ ይህ ብቻውን አያስጥለውም። የሚያስጥለው ክፍተቱን በወሬ መሙላት ነው። ጥሩ ሰብሳቢ ለእያንዳንዱ ሽጉጥ አንድ ዶሴ ይከፍታል፤ በአንድ ወገን ብረቱ የሚለውን፣ በሌላው ወገን ወረቀቱ የሚለውን፣ በሦስተኛው ሰዎች የሚሉትን ለየብቻ ይጽፋል። ሦስተኛው ወገን ያለው ወደ ሁለቱ አይዛወርም። የጨረታ ቤቶችም በቋንቋቸው ይህን ይለያሉ። «ነው» ሲሉ ተጠያቂ ናቸው፤ «ይባላል»፣ «ይታመናል»፣ «እንደ ቤተሰቡ አባባል» ሲሉ አደጋውን ወደ ገዢው ገፍተዋል። ካታሎግ ሲነበብ ዋናው ቃል ግሱ ነው።

ዋጋውም እንደዚያው ይዋዥቃል። ከላይ ያየነው ሉገር በ1989 አንድ ሚሊዮን ዶላር እንደወጣ ይነገርለታል፤ ከ21 ዓመት በኋላ በአደባባይ ጨረታ ግን የግማሹን ያህል አወጣ። ሽጉጡ ያው ነው። ገዢ ሊሆኑ የሚችሉት ሰዎች በጣት የሚቆጠሩ ሲሆኑ በዚያ ቀን ሁለቱ አለመገኘታቸው ብቻ ይህን ሊያደርግ ይችላል፤ ስለዚህ የሙከራ ሽጉጥን እንደ ቁጠባ ማየት አያዋጣም።

ዕቃው በእጅ ከገባ አይተኮስም። የሙከራ ሽጉጥ መለዋወጫ የለውም፤ የተሰበረ ክፍል ቢተካ ሽጉጡ ያው አይደለም። በቆዳ ማህደር ውስጥ ማስቀመጥም ስሕተት ነው፤ ቆዳው የተለፋበት ኬሚካልና የሚይዘው እርጥበት ብረቱን ይበላሉ። ከግማሽ በታች የአየር እርጥበት ባለበት፣ ጓንት ተደርጎ፣ በስስ ሰም ተቀብቶ ቢቀመጥ ይበቃዋል።

ሕጉስ?

እዚህ ላይ አንድ ዓመት ብዙ ይለውጣል። በአሜሪካ ፌዴራል ሕግ በ1898 ወይም ከዚያ በፊት የተሠራ መሣሪያ ጥንታዊ ይባላል፤ ከዘመናዊው ሽጉጥ ቁጥጥር ውጭ ነው፤ ግዛቶች ግን የራሳቸው ሕግ አላቸው። ቦርቻርት በዚህ መስመር ላይ ተሰንጥቋል። የሎቬ ስም ያለበት ከ1897 በፊት ከነበረው ምርት ነው፤ ከዚያ በኋላ የወጣው የተተኪው ፋብሪካ ስም ያለበት ግን ከ1898 በፊትም በኋላም ሊሆን ስለሚችል በመለያ ቁጥሩ መጣራት አለበት። የ1907ቱ ፈተና ሽጉጦች ጥንታዊ አይደሉም፤ ሃምሳ ዓመት የሞላቸው «ብርቅና ቅርስ» መሣሪያዎች ናቸው፤ ለእነሱ ሰብሳቢ የሚያወጣው ልዩ ፈቃድ ለሦስት ዓመት 30 ዶላር ነው። ቦርቻርትና አንዳንድ ሉገሮች የሚገጠም ሰደፍ አላቸው፤ ሰደፍ የተገጠመለት ሽጉጥ አጭር ጠመንጃ ተብሎ በከባድ ሕግ ሊያዝ ስለሚችል የመጀመሪያው ሰደፍና በኋላ የተሠራ ቅጂ ያላቸው ልዩነት ከመግዛት በፊት ይጠየቃል። መለያ ቁጥሩ የተፋቀ ወይም የተቀየረ መሣሪያ ይዞ መገኘትም የፌዴራል ወንጀል ነው፤ ስለዚህ ከላይ ያልነው የሐሰት ቁጥር ገንዘብ ከማክሰር አልፎ ሊያሳስር ይችላል።

እንግሊዝ በ2021 ባወጣችው ደንብ መስመሩን በሴፕቴምበር 1 ቀን 1939 አድርጋለች፤ ዕድሜው ብቻ ግን አይበቃም፣ ጥይቱም ከጥቅም ውጭ ከሆኑት ዝርዝር ውስጥ መሆን አለበት። ወደ ኢትዮጵያ ሲመጣ ደግሞ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 (ዓመቱ እንደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) መሣሪያን ያለ ፈቃድ ወደ አገር ማስገባት ይከለክላል፤ «ቅርስ ነው፣ አይተኩስም» የሚል ማብራሪያ ቦሌ ላይ ሻንጣ ከተከፈተ በኋላ የሚነገር አይደለም። ከውጭ የሚመጣ ሰው ፈቃዱን በጽሑፍ ሳይዝ ሽጉጡን ከነዶሴው ባለበት አገር መተው አለበት።